መጋቢና ሐፃኒት፤ ስለ መመገብና ስለ ማሳደግ ቃላት የቀረበ ትምህርት



ቃል እንደ ዕቃ ነው። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ይኖራልና በውስጡ የነበረው ነገር ቀስ በቀስ እየጎደለ ሄዶ በመጨረሻ ዕቃው ብቻ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ስለዚህ አባቶቻችን የቃልን ዘርና እርባታ የሚመረምር ትምህርት ሠርተው ስሙን ሰዋስው አሉት፤ ሰዋስው ማለት መሰላል ማለት ነው። በመሰላል የወጣ ሰው ከምድር ሆኖ ያላየውን እንደሚያይ ሁሉ፥ የቃልን ሥር የመረመረ ሰውም በየቀኑ ሲናገረው ያላስተዋለውን ያስተውላል።

ዛሬ በዚሁ መሰላል ጥቂት እርከን ወጥተን ስለ መመገብና ስለ ማሳደግ የሚነገሩትን ቃላት እንመረምራለን። መነሻችን በአገራችን ሐኪም ቤቶች ሁሉ ሲጠራ የሚውለው «ነርስ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። መድረሻችን ግን በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ በየቤቱ የሰው ልጅ አቅፋ የምትውለው ሞግዚት ናት። ከመነሻው እስከ መድረሻው ያለው መንገድ የራቀ ቢመስልም፥ ነገሩን ስንከታተለው አንድ ሆኖ እናገኘዋለን።

«ነርስ» የሚለው ቃል ትውልድ

በላቲን ቋንቋ «ኑትሪሬ» ማለት ማጥባት፥ መመገብ፥ ማሳደግ ማለት ነው። ከዚህ ግንድ «ኑትሪክስ» የሚል ስም ወጣ፤ ትርጓሜውም የሌላ ሰው ልጅ ተቀብላ የምታጠባ ሴት ማለት ነው። ይኸው ቃል በኋለኛው ላቲን «ኑትሪኪያ» ተባለ፤ በጥንታዊው የፈረንሳይ ቋንቋ በኩል አልፎም ወደ እንግሊዝ አገር ሲገባ ድምፁ እያጠረ ሄዶ «ነርስ» ሆነ። እንግዲህ ቃሉ በመጀመሪያ ስለ ሕመምም ስለ መድኃኒትም የሚናገር አልነበረም። የጡት ቃል ነበር።

ከጊዜ በኋላ ትርጓሜው ሰፍቶ የምታጠባውን ብቻ ሳይሆን ሕፃን የምትጠብቀውንና የምታሳድገውን ሴት ሁሉ ለመጥራት ዋለ። በሽተኛን የሚያስታምም ሰው «ነርስ» መባል የጀመረው እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አልሆነም። በሽተኛ ሰው በዕድሜ ትልቅ ቢሆንም በአልጋ ላይ በወደቀ ጊዜ እንደ ሕፃን ይሆናል፤ ሌላ ሰው ያጎርሰዋል፥ ያጥበዋል፥ ያገላብጠዋል። ስለዚህ የሕፃኑ አገልጋይ ስም ለበሽተኛው አገልጋይ ተሰጠ። ፍሎረንስ ናይቲንጌል የተባለችው እንግሊዛዊት በለንደን ከተማ በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶችን ትምህርት ቤት በፈረንጆች 1860 ዓ. ም. ካቋቋመች ወዲህ ግን ነርስነት በትምህርት የሚገኝ የታወቀ ሙያ ሆነ፤ የቀድሞው የጡት ትርጓሜም ከብዙ ሰው አእምሮ ጠፋ።

ከዚያው ግንድ የወጡ ሌሎች ቅርንጫፎችም አሉ። «ነሪሽ» ማለት መመገብ ነው። «ነርቸር» ማለት በእንክብካቤና በትምህርት ማሳደግ ነው። «ነርሰሪ» የሕፃናት መዋያም የችግኝ ማፍያም ስም ነው፤ ልጅና ችግኝ ሁለቱም ጥላና ውኃ፥ ጊዜና ትዕግሥት ይሻሉና። ዛሬ የጤና ባለሙያዎቻችን የሚሉት «ኑትሪሽን» የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው።

እንግሊዞች የሌላውን ልጅ ማሳደግን የሚጠሩበት «ፎስተር» የሚል ሌላ ቃል ደግሞ አላቸው። ይህ ከላቲን ያልመጣ የራሳቸው የጥንት ቃል ሲሆን መጀመሪያ ትርጓሜው ምግብ ማለት ነበር፤ ምግብን ከሚጠሩበት «ፉድ» ከሚለው ቃል ጋራም ዘመድ ነው። የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት እረኛ ማለት የሆነው የላቲኑ «ፓስተር» እና እንጀራ ማለት የሆነው «ፓኒስ» በሩቅ ዘመን ከዚሁ ሥር የበቀሉ ናቸው። እረኛ ከብቱን ማሰማሪያ አውጥቶ የሚያበላ ነውና ስሙን ከመመገብ አገኘ። «ፓኒስ» ከሚለውም «እንጀራን አብሮ የሚበላ» የሚል ቃል ወጥቶ፥ በብዙ ቋንቋዎች ተዘዋውሮ፥ በእኛ አገር «ኩባንያ» ተብሏል። በቦሌ መንገድ ግራና ቀኝ በረጃጅሙ ፎቅ ላይ የተጻፈው «ኩባንያ» የሚለው ስም በጥንቱ ትርጓሜው ማዕድ የሚካፈሉ ሰዎች ማኅበር ማለት መሆኑን ስንቱ ሰው ያውቃል?

ላቲኖች መመገብን የሚጠሩበት ሌላ ቃልም «አሌሬ» ይባላል። ከዚህ የተነሣ በጡትና በእንጀራ ያደገውን ልጅ «አሉምኑስ» አሉት። ዛሬ ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ተማሪዎች ማኅበር ሲያቋቁሙ ራሳቸውን «አሉምኒ» ብለው ይጠራሉ፤ ትምህርት ቤታቸውንም «አልማ ማተር» ይሉታል፤ መጋቢት እናት ማለት ነው። ተማሪው ዲፕሎማ የተቀበለ ብቻ ሳይሆን ከእናት ጡት የጠባ ልጅ ነው ማለታቸው ነበር።

ቃሉ ወደ አገራችን እንደ ገባ

በአገራችን በሽተኛን የሚረዳ ሰው ስም አስታማሚ ነበር፤ መልካምና ግልጽ ቃል ነው። የዘመኑ ሕክምና ሲስፋፋ ግን «ነርስ» የሚለው ቃል ከሙያው ጋራ አብሮ ገባ። በዚህ ሙያ ታሪክ ስማቸው ከሚነሣው አንዷ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ልዕልቲቱ በስደቱ ዘመን ለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነትን ትምህርት ተምረው በ1931 ዓ. ም. ፈጸሙ። ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ጥቂት ጊዜ ብቻ ቆይተው በ1934 ዓ. ም. በወለጋ በነቀምቴ ከተማ በወጣትነት ዐረፉ። በ1940ዎቹ ዓ. ም. በስማቸው የመታሰቢያ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ይህም ሆስፒታል በኋላ ዘመን የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባን ነገር አለ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ የሕፃናት አስታማሚ መሆንን እንደ ውርደት አልቆጠሩትም። ሕዝባችንም ነርሶችን «ሲስተር» እያለ በማክበር ይጠራል፤ እኅት ማለት ነው። እንግዲህ ለበሽተኛው ነርስ የክብር ስም ሰጥተናታል። ለሕፃኑ ነርስ፥ ማለት ስሙ በመጀመሪያ የእርስዋ ለነበረው ለሞግዚቲቱስ ምን ስም ሰጠናት? ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ራሳችን ቋንቋ እንመለስ።

የግእዙ ሀብት

ግእዝ ለዚህ ነገር አንድ ቃል ብቻ የለውም፤ ብዙ አለው፤ እያንዳንዱም የየራሱን ምሥጢር ይዟል።

አንደኛው ሴሰየ ነው፤ መገበ፥ አበላ ማለት ነው። ሲሳይ ከዚህ ይወጣል። በአባታችን ሆይ ጸሎት የዕለት እንጀራችንን ስንለምን የግእዙ ቃል ሲሳይ የሚል ነው። ልጃቸውን ሲሳይ ብለው የሚሰይሙ ወላጆችም ልጁ ራሱ ከእግዚአብሔር የተሰጠ ምግብ ነው ማለታቸው ነው።

ሁለተኛው መገበ ነው። ዛሬ በአማርኛ መገበ ማለት አበላ ማለት ሲሆን በግእዝ ግን አስተዳደረ፥ ሹም ሆኖ ጠበቀ፥ ሥራን በሥርዓት መራ ማለት ነው። መጋቢ የቤቱን ሀብት የሚያስተዳድር፥ ለእያንዳንዱም ድርሻውን በጊዜው የሚሰጥ ሰው ነው። በቅዱስ ሉቃስ ወንጌል በ16ኛው ምዕራፍ ስለ ሀብቱ አያያዝ የተጠየቀው ሰው መጋቢ ይባላል። በቤተ ክርስቲያናችንም መጋቤ ሐዲስ፥ መጋቤ ብሉይ፥ መጋቤ ምሥጢር የሚሉት ማዕርጎች ለሊቃውንት የሚሰጡ ናቸው፤ መጻሕፍትን የሚጠብቅና ለሕዝብ የሚያካፍል ማለት ነው። ከዚህ የምንማረው መመገብ እንጀራ በሌማት አቅርቦ መሄድ ብቻ እንዳልሆነ ነው። መጋቢ የሚያበላውን ሰው ያውቀዋል፤ ስለ እርሱም ይጠየቃል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ሐፀነ ነው። ሐፀነ ማለት አቀፈ፥ በጉያው ይዞ አሳደገ ማለት ነው። ከዚህ አንድ ግንድ የሚወጡትን ቃላት እንቍጠር። ሕፅን ጉያ ነው። ማሕፀን ልጅ ከመወለዱ በፊት የሚታቀፍበት ስፍራ ነው። ሐፃኒ አሳዳጊ ወንድ፥ ሐፃኒት አሳዳጊ ሴት ናቸው። ሕፃን ደግሞ የታቀፈው፥ በጉያ ያደገው ነው። ተማሕፀነ፥ በአማርኛም ተማፀነ፥ ራሱን በሌላው ጉያ አስጠጋ ማለት ነው። እንግዲህ ሕፃን የሚለው ስም የዕድሜ ስም ብቻ አይደለም። ሕፃን ማለት የሚያቅፈው ሰው ያለው ማለት ነው። ዕድሜው ትንሽ ሆኖ የሚያቅፈው ያጣ ልጅ ስሙ ከኑሮው ጋራ አልተስማማለትም።

አራተኛው ልህቀ ነው፤ አደገ ማለት ነው። ሊቅ የሚለው የተከበረ ስም የተገኘው ከዚህ ነው። ሊቅ ያደገ ሰው ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ይህ ትርጓሜ በሥራ ይታያል። ተማሪው ከእናት ከአባቱ ተለይቶ በሰው አገር አኮፋዳውን አንግቶ በእመቤታችን ስም እየለመነ፥ የማያውቃቸው እናቶች በሚሰጡት ቁራሽ ፊደሉንም ዜማውንም ቅኔውንም ይማራል። ሊቁ የአንድ ቤት ልጅ አይደለም፤ የመንደሩ ሁሉ ቁራሽ ያሳደገው ነው።

የአማርኛችን ምስክርነት

አማርኛም ይህን ነገር በራሱ መንገድ ተናግሮታል። ያልወለደችውን ልጅ የምታሳድገውን የአባት ሚስት የእንጀራ እናት እንላለን፤ ያልወለደውን የሚያሳድገውን የእናት ባል የእንጀራ አባት እንላለን። እንግሊዞች «ፎስተር» የሚለውን ከምግብ እንዳወጡ ሁሉ እኛም በየራሳችን መንገድ ሄደን እዚያው ደረስን፤ ሥጋና ደም ያላገናኘውን እንጀራ ያገናኘዋል የሚል አሳብ ነው።

በቀድሞው ዘመን የጡት ልጅና የጡት አባት የሚባል ሥርዓት ነበረ። ሰው ያልወለደውን ልጅ ለማድረግ ሲፈልግ ልጁ ጡቱን ወይም ማር የተቀባ ጣቱን ይጠባ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዝምድናው እንደ ሥጋ ዝምድና ይጠበቅ ነበር። ማደጎ የሚለው ቃል ደግሞ አደገ ከሚለው የመጣ ነው።

በኦሮምኛ ጉዲፈቻ የሚባለው ሥርዓት ጉዲሱ ከሚለው ቃል የወጣ ሲሆን ጉዲሱ ማሳደግ ማለት ነው። ዛሬ ቦሌ፥ ቡልቡላ፥ ለሚ እያልን የምንጠራቸው ስፍራዎች ከተማው ሳይደርስባቸው የኦሮሞ ገበሬዎች ያርሱባቸው የነበሩ ናቸው፤ በዚያ ምድር ጉዲፈቻ የቆየ ሥርዓት ነው። በ1992 ዓ. ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሌላውን ልጅ እንደ ልጅ መቀበልን በአማርኛ ሲጽፈው ጉዲፈቻ ብሎ ተቀበለው። በ2010 ዓ. ም. ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ለውጭ አገር ሰዎች በጉዲፈቻ እንዳይሰጡ በሕግ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ አሳዳጊ ያጡ ሕፃናት ጉያ የሚያገኙት ከአገራቸው ሰው ነው፤ ቃሉም ኃላፊነቱም በእጃችን ቀርቷል።

ነገር ግን አማርኛ ሌላ ቃል ደግሞ አለው፤ እርሱም ቀለበ ነው። ቀለብ ለወታደር ይሰፈራል፤ ለበቅሎ ይሰጣል፤ ዳኛም በአባት ላይ ይፈርደዋል። ቀለብ በቍና ይለካል፥ በገንዘብ ይተመናል። ሐፀነ የሚለውን ግን የሚለካ ቍና የለም። ሕግ ሰውን ቀለብ ክፈል ብሎ ሊያስገድደው ይችላል፤ እቀፍ ብሎ ሊያስገድደው ግን አይችልም። በመቀለብና በማሳደግ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገርም በዚህ ላይ ይቆማል።

በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ የሚታየው

አሁን ቃላቱን ይዘን ወደ ኑሮው እንውረድ።

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በ1950ዎቹ ዓ. ም. ከተሠራ ወዲህ የከተማው ምሥራቃዊ ወገን ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ ሄዶ ገርጂን፥ ሲ. ኤም. ሲ.ን፥ ሰሚትን፥ አያትን፥ ቡልቡላንና አራብሳን አዳርሷል። በ2006 ዓ. ም. ሥራ የጀመረው የቦሌ ለሚ የኢንዱስትሪ ፓርክ ከልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር ለመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች የሥራ ስፍራ ሆኗል። በፎቁ ቤት የምትኖረው እናት ወደ መሥሪያ ቤቷ፥ በኪራይ ክፍል የምትኖረው እናት ወደ ፋብሪካው ማለዳ ይሄዳሉ። ሁለቱም ስለ እንጀራ ይሄዳሉና የሚነቀፉበት ነገር የለም።

ነገር ግን ሒሳቡን እንመልከት። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በቀር ሌላ ምግብ እንዳይሰጠው፥ ከዚያ በኋላም ከሌላ ምግብ ጋራ ጡት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲጠባ ይመክራል። በ2011 ዓ. ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠውን የዕረፍት ጊዜ ከ60 ወደ 90 ቀን ከፍ አድርጎታል፤ ይህም መልካም ነው። ይሁን እንጂ ዘጠናው ቀን በሥራ ቀን ተቈጥሮ እንኳ አምስት ወር አይሞላም። ወንድ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ተጠምቀው ከተመለሱ በኋላ ብዙ ሳይቆይ እናቲቱ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ የሕፃኑ ጉያ የማን ነው? አንዳንዱ በአያቱ ዘንድ ይውላል፤ አንዳንዱ የሕፃናት ማቆያ በሚል ሰሌዳ ሥር ይውላል፤ ብዙው ግን በሞግዚት ክንድ ላይ ነው።

ማቆያ የሚለው ቃል ራሱ እንዲታሰብበት ይገባል። ማቆየት የሚወስደው ሰው እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ሕፃን ግን እንደ ዕቃ አይቆይም፤ እናቱ እስክትመለስ ድረስ ማደጉን አያቋርጥም። በእነዚያ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓቶች የሰማው ቃል፥ ያየው ፊት፥ የቀመሰው ፍቅር ወይም ቍጣ ሁሉ በውስጡ ይተከላል።

ሞግዚቲቱስ ማን ናት? አብዛኛውን ጊዜ ከገጠር የመጣች፥ በደላላ ወይም በዘመድ እጅ የተቀጠረች ወጣት ናት። በቤተሰብ ሕጋችን ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላው ሁሉ አካለ መጠን ያላደረሰ ነው። እንግዲህ አሥራ ስድስት ወይም አሥራ ሰባት ዓመቷ ከሆነ እርስዋም ራሷ በሕግ ፊት አሳዳጊ የሚያስፈልጋት ልጅ ናት፤ ሕፃን ሕፃንን ታቅፋለች ማለት ነው። ከእናቷ ጉያ ተለይታ የመጣችው ገና ሳትጠግበው ነው፤ ያላገኘችውን ነገር ግን ለሌላው ልጅ ሳትሰስት እንድትሰጥ እንጠብቅባታለን።

አንዳንድ ሰው «ደመወዟን እከፍላለሁ፤ ከቤቴ ትበላለች፤ ከዚህ ሌላ ምን አለብኝ?» ይል ይሆናል። መልሱ አስቀድመን ከለየናቸው ቃላት ይገኛል። ይህ የተናገረው ነገር ቀለብ ነው። ቀለብ ይገባል፤ የሚከለክል ቢኖር በደለኛ ነው። ነገር ግን በቀለብ ብቻ የምትኖር ልጅ የሌላውን ልጅ በሐፃኒትነት ልታሳድግ እንዴት ይቻላታል? ከደረቀ ጡት ወተት እንደማይወጣ፥ ካልታቀፈም ሰው ማቀፍ አይወጣም፤ ቢወጣም በብዙ ድካም ነው።

ሕጉም ቢሆን ከቀለብ ያለፈ ነገር ይጠይቃል። የ2011ዱ አዋጅ የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ ለብቻው በሚወጣ ደንብ እንዲታይ ትቶታል። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ሠራተኛው በአሠሪው ቤት የሚኖር እንደ ሆነ አሠሪው ስለ መኖሪያው፥ ስለ ምግቡ፥ ስለ ሥራውና ስለ ዕረፍቱ ሰዓት የሠራተኛውን ጤንነትና መልካም ጠባይ ለመጠበቅ ተገቢውን ሁሉ እንዲያደርግ በ2601ኛው ቍጥር አዝዟል። ይህ የመጋቢ ሥራ ነው፤ መጋቢ ደግሞ እንዳየነው የሚጠየቅ ሰው ነው።

በዚያው በአዲስ አበባ መልካም ምሳሌ አለ። ከ2012 ዓ. ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ የከተማው አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ልጆች ቍርስና ምሳ ማብላት ሲጀምር ሥራውን ምገባ ብሎ ሰየመው፤ ምግቡን የሚያዘጋጁትንም ሴቶች መጋቢ እናቶች አላቸው። ወጥ ሠሪ ወይም ቀላቢ ሊባሉ ይቻል ነበር። መጋቢ እናት መባላቸው ግን ልጁ የሚቀበለውን ሳህን ከእናት እጅ የመጣ አድርጎታል። ስም መለወጡ ብቻ ሥራውን መልካም አያደርገውም፤ ሆኖም ለሥራው የሚገባውን መለኪያ ይሰጠዋል።

የመጻሕፍት ምስክርነት

በቅዱሳት መጻሕፍት ሞግዚት የተናቀች አይደለችም። ሙሴን ያሳደገችው እናቱ ዮካብድ የገዛ ልጇን ያጠባችው በፈርዖን ልጅ ደመወዝ በሞግዚትነት ስም ነው፤ በዚያ በተቀጠረችበት ጉያ የእስራኤል መሪ አደገ። ኑኃሚን የሩትን ልጅ በጉያዋ ታቅፋ ሞግዚት ሆነችው፤ ያም ሕፃን የዳዊት አያት ሆነ። ቅዱስ ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክቱ የሐዋርያነቱን የዋህነት የመሰለው ልጆቿን በምትከባከብ ሞግዚት ነው።

ይልቁንም የዲቦራን ነገር ልብ በሉ። ዲቦራ የርብቃ ሞግዚት ነበረች። በኦሪት ዘፍጥረት የርብቃን የወለደች እናት ስም አልተጻፈም፤ የሞግዚቷ ስም ግን ተጽፏል። በሞተችም ጊዜ በቤቴል አጠገብ ከዛፍ ሥር ተቀበረች፤ ያዕቆብም የዛፉን ስም የልቅሶ ዛፍ ብሎ ጠራው። ሞግዚቲቱ ከያዕቆብ ቤተሰብ ጋራ የኖረች፥ ስትሞትም እንደ ዘመድ የተለቀሰላት ሴት ነበረች። እኛ ዛሬ ልጃችንን ሁለትና ሦስት ዓመት ታቅፋ ያሳደገችልንን ልጅ ከቤታችን በሄደች በዓመቱ የአባቷን ስም የምናስታውስ ስንቶቻችን ነን?

እንግዲህ ምን እናድርግ

የቃል ትምህርት ወደ ሥራ ካልተመለሰ ከንቱ ነውና አራት ነገር እንጨምር።

አንደኛ፤ ማዕዱን እንመልከት። ሕፃኑን የምታጎርስ እጅ ራሷ ትኩስ ምግብ በጊዜው ታግኝ። የሰዉ ሁሉ ትርፍ የእርስዋ ድርሻ አይሁን።

ሁለተኛ፤ ዕረፍቷን እንጠብቅ። ሌሊት ከሕፃኑ ጋራ የነቃች ልጅ ቀኑን በልብስ አጠባና በምግብ ሥራ ከዋለች፥ በማታ ድካሟ የሚወጣው በሕፃኑ ላይ ነው።

ሦስተኛ፤ ማደጓን አንከልክል። በከተማችን የማታ ትምህርት አለ፤ የሰንበት ትምህርት ቤትም አለ። በቦሌ መድኃኔ ዓለምም ሆነ በገርጂ ጊዮርጊስ ወይም በሲ. ኤም. ሲ. ሚካኤል አንዳንድ ጊዜ የቤቱን ሕፃን አቅፋ ለቍርባን የምትሰለፈው ሞግዚቲቱ ናት። ስለ ሕፃኑ ብቻ ሳይሆን ስለ ራሷም ነፍስ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድበት ቀን ይኑራት። ልህቀ የሚለው ቃል ለእርስዋም ነው፤ ከእነዚህ መካከል ሊቅ የምትሆን እንደሌለች ማን ያውቃል?

አራተኛ፤ ስሟን እናክብር። ልጆቻችን እርስዋን «ሠራተኛዋ» እያሉ እንዳያድጉ፥ እትዬ ብለው እንዲጠሯት እናስተምራቸው። ሕፃን ሰውን ማክበር ወይም መናቅ የሚማረው መጀመሪያ በታቀፈበት ጉያ ነው። የሚያቅፈውን ሰው እንዲንቅ ያስተማርነው ልጅ ነገ በሸመገልን ጊዜ እኛን የሚያቅፍበትን ትምህርት ከየት ያገኘዋል?

በመጨረሻም ለእናቶችና ለአባቶች ይህን እንላለን። ሞግዚት የእናትን ሥራ ትረዳለች እንጂ አትተካም። ደክሞን ከሥራ በተመለስን ጊዜ የቀረችው ጥቂት ሰዓት የሕፃኑ ናት፤ ለቴሌቪዥንና ለስልክ አንስጣት። ሕፃን የሚለው ስም እንዲፈጸምለት የወላጆቹን ጉያ በየቀኑ ማግኘት አለበትና።

ነርስ፥ መጋቢ፥ ሐፃኒት፥ ሞግዚት የሚሉት ቃላት ከልዩ ልዩ አገር ቢመጡም የሚመሰክሩት አንድ ነገር ነው፤ ሰው በእንጀራ ብቻ ሳይሆን በሰው ጉያ ያድጋል። ለፍጥረቱ ሁሉ ሲሳይን በጊዜው የሚሰጥ አምላክ፥ በቤታችን ያሉትን ታላላቆችንም ታናናሾችንም ያለ አድልዎ የምናሳድግ መጋቢዎች ያድርገን፤ አሜን።